ከባቡር መስኮት እስከ እናቴ ደጅ
(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ፣ ሐይቅ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ “የአገሩ ልጅ ስለሆንህ ስለ ባቡር ጉዞህና ስለነዚያ ረጃጅም ፎቶዎችህ ትንሽ አጫውተን” አሉኝ። እሺ አልኩ። ኋላ ሳስበው ግን፣ ለካስ ባቡር በማያልፍበት አገር ቆሜ ስለ ባቡር ላወራ ነው!

ያደግሁት ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ውጫሌ አካባቢ፣ ከአምባሰል ግርጌ ነው። ውጫሌን በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ለእኛ ለልጆቹ ግን የጭነት መኪና የምንቆጥርባት ከተማ ነበረች። ባቡር ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ ነው። ያ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌ ሐዲድ፣ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ነው። ባቡሩ ይንገጫገጫል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሣል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። በሽታው የያዘኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ወዲያ ወዲህ ሲያዞረኝ፣ አውሮፕላን ባለበት ሁሉ ባቡር ስፈልግ ኖርኩ። ከዳሬሰላም ዛምቢያ ድረስ በሚሄደው በታዛራ 1,860 ኪሎ ሜትር ተጉዣለሁ። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በዚያ መንገድ ላይ ባቡሩ ለሰዓታት የባይካልን ሐይቅ ዳር ይዞ ይሄዳል። ሰው ሁሉ “በዓለም ላይ ከሁሉ የጠለቀ ሐይቅ” እያለ ሲደነቅ፣ እኔ የማስበው ይህንን የኛን ሐይቅ ነበር።

ፎቶውን የጀመርኩት በነዚህ ጉዞዎች ነው። አገሩ ሰፊ፣ ካሜራው ጠባብ ሆነብኝ። ፓኖራማ ማለት ብዙ ፎቶዎችን ጠርዝ ለጠርዝ ሰፍቶ አንድ ረጅም ሥዕል ማውጣት ነው። ከባቡር መስኮት ሆኜ ብሞክረው ብሞክረው አልሆነም። የስልክ ምሰሶው ይቆለመማል፣ ቤቱ ለሁለት ይቆረጣል፣ ተራራው ብቻ ደኅና ይወጣል።

ምክንያቱን አሁኑኑ ልታዩት ትችላላችሁ። አውራ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙና አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ግድግዳው ባለበት ነው፤ ጣታችሁ ግን ይዘላል። ከባቡር ላይም እንዲሁ ነው። ሩቁ ጸንቶ ይቆማል፣ ቅርቡ ይሮጣል። ካሜራው ቦታውን ከለቀቀ፣ ቅርቡና ሩቁ ተመልሰው አይገጥሙም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ አንድ ቦታ ቁም፣ ሌንሱን ሳታንቀሳቅስ እዚያው ዙር፣ እያንዳንዱ ፎቶ የቀድሞውን ሲሶ ያህል ይደርብ። እኔ ደግሞ የማልወደው ነገር ቢኖር አንድ ቦታ መቆም ነበር።

አንድ ዓመት ለእረፍት መጥቼ ፎቶዎቹን ለእናቴ አሳየኋት። ሳይቤሪያን አየች፣ ባይካልን አየች። “አቤት አገር!” አለች። ቆየት ብላ፣ “ልጄ፣ ይህ ሁሉ አገር ሰው የለበትም እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ “የኛስ ቤት የታለ?”

አልነበረም። ያን ሁሉ አገር ሳነሣ የደጃችንን አንድም ፎቶ አልያዝኩም።

በማግሥቱ ግቢው መሐል ቆምኩና ከግራ ጀምሬ በስልኬ ቀስ እያልኩ ዞርኩ። እናቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ነበረች። እኔ ወደ አምባሰል ስዞር፣ እሷ ረከቦቱን ይዛ በጀርባዬ ዞረችና ቀድማኝ ከግራሩ ሥር ተቀመጠች። ፎቶው ሲወጣ ከግራ አንዲት እናት፣ ከቀኝ ሌላ እናት፣ በመሐል አምባሰል! “ውይ፣ መንታ አደረግኸኝ!” ብላ እስኪያማት ሳቀች።

እንደገና ላነሣ አልኩና ቡናው ቀረበ። “ነገ” አልኩ። በማግሥቱ መንገድ ነበረብኝ። በዓመቱ እናቴ አረፈች።

አንዷን ከፎቶው ማጥፋት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አላጠፋኋትም። የትኛዋን ላጥፋ?

ወዳጆቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ላሳዝናችሁ አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ውሉ በ2004 ዓ.ም. ሲፈረም፣ እናቴ “በባቡር ትመጣልኛለህ” ትለኝ ነበር። ሥራው ብዙ ከተጓዘ በኋላ ጦርነት መጣና ጉዳት ደረሰበት። ባቡሩ አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። እስኪመጣ ግን አገሩ ቆሞ አይጠብቅም። ባሕር ዛፉ ይበዛል፣ ቤቱ ይጨመራል፣ ውኃው ይሸሻል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዱሮ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ውኃው እንዴት እንደሸሸ በየዓመቱ የሚያሳይ ፎቶ የለንም።

በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚያ ፎቶዎች የተነሡበትን ቦታ ትግራይ ውስጥ እየፈለጉ፣ እዚያው ቆመው እንደገና አነሡ። ብዙ ቦታ ላይ ዛፉ ከዱሮው በዝቶ ተገኘ። አገሩ ተራቁቶ አልቋል ሲባል ለነበረው ወሬ ትልቅ መልስ ሆነ። መልሱ የተገኘው ሰው ወደ አንድ ቦታ በመመለሱ ነው።

እኛም በየዓመቱ እንገናኛለን። ስለዚህ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ አንድ ድንጋይ እንትከል። በየጉባኤው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ፀሐይ ከጀርባችን ስትሆን፣ ከአምባሰል ጀምረን ወደ ሐይቁ እየዞርን አንድ ፓኖራማ እናንሣ። ቀኑንና የካሜራውን ከፍታ እንጻፍ። አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለማኅበራችን እናስቀምጥ። ወጪው ከምሳችን አይበልጥም። ከ30 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተማሪ ግን ትልቅ ሀብት ነው።

የመጀመሪያውን ዛሬ 10 ሰዓት ላይ አነሣለሁ። መምጣት የምትችሉ ኑና ፊት ለፊት ቁሙልኝ፤ እናቴ እንዳለችው ሰው ይኑርበት። ዞሬ እስክጨርስ ግን አደራ፣ ማንም እንዳይንቀሳቀስ!