ፈቃድ ሰጥቶ የሚሽር ሥርዓት

ለዛሬ የተሰጠኝ ርእስ «በሚተዳደሩ የኮንቴይነር ክላስተሮች ላይ የክላውድ ፈቃድ አሰጣጥን አውቶማቲክ ማድረግ» የሚል ነው። ርእሱ ቢረዝምም በውስጡ ያለው ጥያቄ አጭር ነው። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን መረጃ ይንካ? ይህን የሚፈቅደው ማን ነው? የሚሽረውስ?

ጉዳዩ አሰላን አይመለከትም የሚል ካለ ዙሪያውን ይቃኝ። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ምርምር መረጃ ይከማቻል። በሆስፒታሎቻችን የሕሙማን መረጃ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ነው። የባንክ ሒሳባችን በስልካችን ይንቀሳቀሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይዳ አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የጣት አሻራችን፣ የዓይናችን ብሌንና የፊታችን ምስል በአንድ ሥርዓት ተመዝግቧል። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር በኩበርኔቲስ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ እንዲውል የሚፈልግ ሁሉ፣ የሕጉ አንቀጽ በመጨረሻ የሚፈጸመው አንድ ኢንጂነር በሚጽፋት የፈቃድ መስመር ላይ መሆኑን መገንዘብ አለበት።

መሠረቱን ባጭሩ ላስታውስ። ኩበርኔቲስ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው፣ ኮንቴይነሮችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያሰማራ ሶፍትዌር ነው። የእነዚህን ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ማለትም ክላስተሩን፣ አማዞን፣ ጎግል ወይም ማይክሮሶፍት ሲያስተዳድሩልን የሚተዳደር ክላስተር እንለዋለን። የአማዞኑ የሚተዳደር ክላስተር፣ ኢኬኤስ፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። ፕሮግራሞቻችን በፖድ ውስጥ ይሠራሉ፤ ፖዱ ከክላውዱ ፋይል ለማንበብ ወይም ዳታቤዝ ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልገዋል። እነዚህን ፈቃዶች በአንድነት የሚይዘው ሮል ይባላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሮሉ በአብዛኛው የሚሰጠው ፖዱ ላረፈበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ለኖዱ ነበር። በአንድ ኖድ ላይ ሠላሳ ፖዶች ቢሠሩ ሠላሳውም ያንኑ ሮል ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር። የደመወዝ ፋይል የሚያነበውም፣ ለድረ ገጽ ፎቶ የሚያሳንሰውም እኩል ሥልጣን ነበራቸው። አማዞን ለየፖዱ የተለየ ሮል የሚሰጥበትን መንገድ ያመጣው በሴፕቴምበር 2019 ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ክላስተሩ ለፖዱ የተፈረመ ቶክን፣ ማለትም ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ ይሰጠዋል። በቶክኑ ላይ ያወጣው ክላስተር፣ ጊዜው የሚያበቃበት ሰዓት፣ የፖዱ ሰርቪስ አካውንት (በክላስተሩ ውስጥ የሚታወቅበት መለያ) እና ኔምስፔሱ (የተመደበበት የክላስተሩ ክፍል) ሰፍረዋል። ፖዱ ቶክኑን ለክላውዱ ያቀርባል፤ ክላውዱም ፊርማውን ክላስተሩ በይፋ ባወጣው ቁልፍ ያረጋግጣል። ቀጥሎ በሮሉ ላይ ሮሉን ማን ሊወስድ እንደሚችል ከሚናገረው መስመር ጋር ያመሳክራል። ስሙ ከገጠመ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰዓት። ቋሚ የይለፍ ቁልፍ የትም መቀመጥ አያስፈልገውም።

ደኅንነቱ ሁሉ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ያርፋል። የኔምስፔሱና የሰርቪስ አካውንቱ ስም ሙሉ በሙሉ ከተጻፈ ሮሉን የሚወስደው ያ ብቻ ነው። በስሙ ፈንታ የኮከብ ምልክት ከገባ ወይም መስመሩ ጨርሶ ከተዘነጋ፣ ክላስተሩ ውስጥ ያለ ማንኛውም ፖድ ሊወስደው ይችላል። ሮሎችን ስመረምር ደጋግሜ የማገኘው ይህንኑ ኮከብ ነው። ያስቀመጠው ሰው ሰነፍ አይደለም። አገልግሎት ተቋርጦበት፣ አለቃው እየደወለ፣ ደንበኛው እየጠበቀ፣ እኩለ ሌሊት ላይ «ለጊዜው ይሥራ» ብሎ ያስገባው ነው። ሥራው ይቀጥላል፤ ኮከቡም እዚያው ይቀራል። ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ ይህን ቃል ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉልኝ፦ በክላውድ ውስጥ «ለጊዜው» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ የሚሽረው ካልተመደበለት ቋሚ ነው።

ከዚህ የሚብስ ሌላ መንገድ አለ፤ ሰሞኑን ልቤን የያዘውም እሱ ነው። በኩበርኔቲስ፣ ተጨማሪ መከልከያ ካልተበጀ በቀር፣ በአንድ ኔምስፔስ ፖድ የመፍጠር ፈቃድ ያለው ሰው በዚያ ኔምስፔስ ያለውን የትኛውንም ሰርቪስ አካውንት ለፖዱ ማልበስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ባለሙያ በክላውዱ በኩል አንዲት ፈቃድ እንኳ ሳይኖረው፣ ፖድ በመፍጠር ብቻ የኔምስፔሱን ሮሎች ሁሉ ሊይዝ ይችላል። የክላውዱን መዝገብ ብታዩ ስሙ የለም። የክላስተሩን መዝገብ ብታዩ «ፖድ ይፈጥራል» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያላነበበ ሰው ኃይሉ በማን እጅ እንዳለ አያውቅም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የዚህ አገር ታሪክ ይመጣብኛል። በዕድሜ የገፋችሁ ካዱን ታስታውሱታላችሁ። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው ካዱ የጭላሎን አነስተኛ ገበሬ ለማገዝ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ምክርና ገበያ አንድ ላይ አቀረበ። ምርትም አደገ። ነገር ግን መሬቱ የባለመሬቱ ነበር። እርሻው ትርፍ ማስገኘቱ ሲታይ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ድጋፉ በስም የተሰጠው ለገበሬው ነበር፤ ፍሬውን ለመውሰድ የቻለው ግን መሬቱን የያዘው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሚኒመም ፓኬጅ ደግሞ የካዱ ሙሉ ጥቅል ለሁሉም አካባቢ ስለማይቻል ዋና ዋናዎቹን ብቻ ለይቶ ይዟል። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ሰጠን ብለን በስም የመዘገብነው ሌላ ነው፣ ደርሶ ያረፈበት ሌላ ነው፤ ደርሶ ያረፈበትን መከታተል አለብን። ሁለተኛ፣ በብዙ ቦታ የሚደገም ነገር ትንሹ በቂ ጥቅል መሆን አለበት። ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉት ምሁራንም እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይኖረው መክረዋል።

ምክሩን አለመስማት ያስከፈለውን ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቴስላ የኩበርኔቲስ መቆጣጠሪያ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል ተከፍቶ ተገኘ፤ በአንድ ፖድ ውስጥም የአማዞን ቁልፎች ተቀምጠው ነበር። ሰርጎ ገቦቹ በቴስላ ኮምፒውተሮች ክሪፕቶ አመረቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሚመለከት መረጃ ተወሰደበት፤ የተወሰደውም ከልክ በላይ በተሰጠ ሮል አማካይነት ነበር።

ሰዓቱ እየገፋ ስለሆነ ርእሱ ቃል የገባውን በፍጥነት ላድርስ። ሮል በእጅ፣ በገጽ ላይ እየተጫኑ አይፈጠር። ጥያቄው በፋይል ይጻፍ፤ ሌላ ሰው አይቶ ያጽድቀው፤ ቴራፎርምን የመሰለ መሣሪያ ይፍጠረው። መሣሪያው ኮከብ ያለበትን ጥያቄ ራሱ ውድቅ ያድርግ። ሮል የሚፈጥረው መሣሪያ ራሱ ትልቁ ባለሥልጣን መሆኑን አትርሱ፤ ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳይሰጥ ገደብ ይደረግበት። የጠበቀ ጥንቃቄ የሚሹ ፕሮግራሞች የራሳቸው ኔምስፔስ ይኑራቸው። ክላስተሩ ፈርሶ ሲሠራ የቶክን አውጪው አድራሻ ስለሚለወጥ በየሮሉ ላይ ማን ሊወስደው እንደሚችል የሚናገረው መስመር መታደስ አለበት፤ አውቶማቲክ ማድረግ ግድ የሚሆነው በተለይ እዚህ ላይ ነው። በኖቬምበር 2023 የወጣው የአማዞን ፖድ አይደንቲቲ ይህን ሸክም አቅልሎታል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እያንዳንዱ ሮል ባለቤትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ይወለድ። ክላውዱ ሮሉ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራበትን ቀን ይመዘግባል፤ ለወራት ያልሠራውን መሣሪያው ይጠቁም፣ ባለቤቱ ካልተከራከረለት ይሽረው። ብዙ ድርጅቶች የመስጠቱን ግማሽ አውቶማቲክ አድርገው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራሉ። ይህ ችግሩን ማፋጠን እንጂ መፍታት አይደለም።

ከባንክ፣ ከሆስፒታልና ከምርምር ማዕከል የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ ነገ ቢሯችሁ ስትገቡ በሥርዓታችሁ ውስጥ ያሉትን ሮሎች ዘርዝሩና ከየአንዳንዱ ጎን የሚሽረውን ሰው ስም ጻፉ። ስም ያጣችሁለትን ሮል ዝጉት። ተማሪዎችም የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ስትሠሩ ፈቃድ የሚሰጠውን ኮድ ሳትጀምሩ የሚሽረውን ቀድማችሁ ጻፉ። የሕዝብን መረጃ የሚይዝ ሥርዓት መሻር የማይችል ከሆነ ለሥራ አልደረሰምና አትረከቡት።