ሳንቲም መደመር

በጫጫ ገበያ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ቆሎ የሚሰፍር ሕፃን፣ እስከ 100 ያለ ስሕተት የሚቈጥር ቢሆን እንኳ፣ በመዳፉ የያዛቸውን ሳንቲሞች መደመር ቢያውከው ልንቈጣው አይገባም፤ ቢጫው ዐሥር ሳንቲም ከነጩ ስሙኒ በስፋት ይበልጣልና፣ ዓይኑ የሚመሰክርለትና ልቡናው ሊማረው የሚገባው ነገር እርስ በርሱ ይቃረንበታል። ስለዚህ አስቀድሞ በየዓይነታቸው ይለያቸው፤ ቀጥሎም በዋጋ ከሚበልጠው ጀምሮ፣ ሽልንጉን አኑሮ 50፣ ስሙኒውን ጨምሮ 75፣ ሁለቱን ዐሥሮች አከታትሎ 85፣ 95፣ በመጨረሻም በአምስት ሳንቲም 100 ካደረሰ በኋላ፣ ክምሩን ሚዛን በተቀረጸበት የ1 ብር ሳንቲም ይለውጥ። ይህንም በወረቀት ሳይሆን በእጁ እየዳሰሰ ቢያደርገው እጅግ ይሻላል። ሳንቲሞቹ ከገበያ ቢርቁም በየቤቱ ጣሳ ውስጥ አይታጡምና፣ እናንት ወላጆች፣ ለዚህ ትምህርት አውጡለት።