የወይን ጠጅ ምርጫ ለበዓል ማዕድ፤ በሐረር ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር




በበዓል ሰሞን ስለሚቀርብ የወይን ጠጅ አመራረጥ ንግግር እንዳደርግ በማኅበሩ በታዘዝሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ሥራችን ከተራ ማሳለፍ ወደ ዕውቀት ከፍ ማለቱን ያመለክታልና። ቀጥሎ ግን ጥቂት ስጋት አደረብኝ። ስጋቱም የመጣው ንግግሩ የሚደረግባት ከተማ ሐረር በመሆኗ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውልያ መካነ መቃብሮች ያሏት ስትሆን፣ በዚያው በጀጎል ግንብ ውስጥ ፈረስ መጋላ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይታያል። እንግዲህ በእንዲህ ያለች ከተማ ስለ ወይን ጠጅ ብቻ መናገር የነገሩን እኩሌታ መናገር ይሆናል።

ስለሆነም የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልግለጽ። ጥሩ የወይን ጠጅ ምርጫ ከጠርሙሱ አይጀምርም። ከእንግዳው ይጀምራል፤ ወደ ምግቡ ይሻገራል፤ ጠርሙሱ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ባለሙያ፣ በገበያ ያለውን ውድ መጠጥ ሁሉ ቢያቀርብም፣ ማዕዱን አላከበረም።

ሙያችን የቆየ ሙያ ነው። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የሚታሰበው የቃና ዘገሊላ ታሪክ፣ ስለ ተአምሩ ከሚያስተምረው ሌላ፣ ለእኛ የሚሆን አንድ ሰው አለበት። እርሱም ግእዙ ሊቀ ምርፋቅ፣ አማርኛው አሳዳሪ የሚለው የግብዣው ኀላፊ ነው። የወይን ጠጁ ከእንግዶች በፊት የቀረበው ለእርሱ ነው። ቀምሶም መልካምነቱን የመሰከረ እርሱ ነው። በአገራችን ቤተ መንግሥትም ጠጅ አሳላፊው መጠጡን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር። ይህ ልማድ መርዝን ከመፍራት የመጣ ቢሆንም፣ ለእኛ የተወልን ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ያልመረመርኸውን አታቅርብ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን የበዓል ሰሞን እንምጣ። በምሥራቁ አገራችን የበዓሉ ወራት የሚከፈተው ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ ገብርኤል ነው። በዚያ ሰሞን የሐረርና የድሬዳዋ ሆቴሎች በተሳላሚ ይሞላሉ። ከዚያም ገና፣ ጥምቀትና የሠርጉ ወቅት ይከተላል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የቁልቢ በዓል የሚውለው ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ በሚዘልቀው የነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ከቁልቢ የመጣ እንግዳ የሚበላው ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ነው። መጠጥ የሚተውም አለ፤ የማይተውም አለ። እንግዲህ ክርስቲያን ነውና ይጠጣል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። በሌላ በኩል የእስልምና በዓላት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳቡ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራሉ። በ2016 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ሸዋል ኢድ የረመዳን ፍቺ ካለፈ በኋላ የሚከበር የሐረሪዎች ታላቅ በዓል ነው። ከዓመታት በአንዱ ይህ በዓል ከእኛ የግብዣ ሰሞን ጋር ይገጥማል። ባለሙያ የሆነ ሰው ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው ላይ ሊሰቅል ይገባዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠራው ቤት በአሳላፊነት ስሠራ፣ አንድ ደግ ሰው ለገና ጎረቤቶቹን ሁሉ ጋበዘ። ከእነርሱም መካከል የተከበሩ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ። ጋባዡ እንደ አገሩ ወግ በጉን በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ በሌላ ድስት አሠርቶ፣ በሌላ ገበታ አስቀርቦላቸዋል። ለሚጠጡት ጠጅ፣ ለማይጠጡት ያልቦካ ብርዝ ተዘጋጅቷል። እኔ ግን ሁለቱንም በአንድ ዐይነት ብርጭቆ ቀድቼ በአንድ ትሪ ላይ ደረደርሁ። መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ሼሁ አንዱን አንሥተው ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ ሽታው ገታቸው። ቀስ ብለው አስቀመጡትና፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ የእኔ አይደለም፤ ቡና ካለ አምጣልኝ» አሉኝ። ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። ጋባዡ እስከ ዛሬ አላወቀም። ሼሁ የጋባዡን ክብርና የእኔን እንጀራ በዝምታቸው አዳኑ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ እናቶቻችን ሁለት ድስት ሲጥዱ የኖሩበትን ጥበብ እኛ ወደ ብርጭቆ አላሻገርነውም። ስለሆነም የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ ዕቃን መለየት ነው። ጠጅ በብርሌ ብቻ ይቅረብ። የወይን ጠጅ እግር ባለው ብርጭቆ ብቻ ይቅረብ። አልኮል የሌለበት መጠጥ በሌላ ቅርጽ ብርጭቆ፣ በሌላ ትሪ፣ ከተቻለም በሌላ አሳላፊ እጅ ይቅረብ። ብርዝም የሚበጠበጠው በግብዣው ዕለት መሆን አለበት፤ ማር ከውኃ ጋር ካደረ መቡካቱ አይቀርምና።

ሁለተኛው ሕግ፣ ለማይጠጣው እንግዳ የሚቀርበው መጠጥ የራሱ ማዕረግ ያለው ይሁን። አንዳንድ ባልደረቦቻችን አልኮሉ የወጣለትን የወይን ጠጅ ለሙስሊም እንግዶች ማቅረብን እንደ ዘመናዊነት ይቆጥሩታል። እንዲህ ያለው መጠጥ ግን እስከ 0.5 በመቶ የሚደርስ አልኮል ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ እንግዳው ራሱ ካላዘዘ በቀር እኛ ልንመርጥለት አይገባም። ደግሞስ ሐረር ላይ ቆመን ምን ቸገረን? ከቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላው ሆጃ አለ፤ ከቡና ቅጠል የሚዘጋጀው ቁጢ አለ፤ ዓለም በስሙ የሚጠራው የሐረር ቡና አለ። በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐረር ቢራ ፋብሪካ እንኳ የአካባቢውን ሕዝብ አይቶ ሐረር ሶፊ የተባለ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ለገበያ ማቅረቡን እናስታውሳለን። እነዚህ ሁሉ ለወይን ጠጅ ምትክ ተብለው የሚቀርቡ አይደሉም። የማዕዱ ባለቤቶች ናቸው።

ስለ እንግዳው ይህን ካልሁ ወደ ምግቡ ልሻገር። ስለ ወይን ጠጅ የሚጻፉት የውጭ አገር መጻሕፍት አብዛኞቹ በርበሬን አያውቁም። ቀይ ሥጋ ከቀይ የወይን ጠጅ ጋር፣ ዓሣ ከነጭ ጋር የሚለው ደንባቸው ለዶሮ ወጥ አይበቃም። የበርበሬ ማቃጠል በከፍተኛ አልኮልና አፍን በሚያኮማትረው ታኒን ይብሳል። በመጠነኛ ጣፋጭነትና በቅዝቃዜ ግን ይበርዳል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ አልኮሉ ከ12 በመቶ እምብዛም የማይበልጥ፣ ለስላሳና ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፣ ቀዝቀዝ ያለ የወይን ጠጅ ይመረጣል። አባቶቻችን ወጡን ከጠጅ ጋር ማጋጠማቸው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ለበግ ጥብስና ለአልጫ ደረቁ ቀይ ይስማማል። ለጾም ምግብ፣ የሚጠጣ እንግዳ ከሆነ፣ ደረቅ ነጭ መልካም ነው።

ቀጥሎ ወደ ጠርሙሱ እንመጣለን። ከአገራችን ምርት ውስጥ ጉደር ደረቅ ቀይ፣ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ፣ ክሪስታል ደረቅ ነጭ በመሆን ለረጅም ጊዜ የታወቁ ናቸው። ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በተተከለው የካስቴል የወይን እርሻ የተመረቱት ሪፍት ቫሊና አካሽያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀርበው፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉትን የወይን ዘሮች ስም ከአገራችን አፈር ጋር አስተዋውቀውናል። የአገር ውስጥ የወይን ጠጅ ማቅረብ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ጣፋጩን ከደረቁ ሳይለዩ ማቅረብ ነው።

በውጭ አገር ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብም ግዴታችን ነው። ሻምፓኝ የሚለው ስም በፈረንሳይ ሻምፓኝ ለተባለው አውራጃ ምርት ብቻ የተጠበቀ ሲሆን፣ አረፋ ያለው ሁሉ ሻምፓኝ አይደለም። ብሩት የሚል ጽሑፍ ካለበት በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ስኳር ከ12 ግራም በታች ነው። ደሚ ሴክ የሚል ከሆነ ከ32 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። ብሩቱን ከሠርግ ኬክ ጋር ያቀረበ ሰው መጠጡ ጎመዘዘ ተብሎ ቢወቀስ፣ ጥፋቱ የመጠጡ አይደለም።

የምሥራቁ ባለሙያ ከሌላው ይበልጥ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሙቀት ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ የባሕር ማዶ መጠጥ ወደ ሐረር የሚወጣው ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለወይን ጠጅ ምቹ ነው። መንገዱ ግን ምቹ አይደለም። በጉዞ ላይ የተቀቀለ የወይን ጠጅ በደጋ አየር ተመልሶ አይድንም። ስለዚህ ስንገዛ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ እንደ ሆነ፣ ከአንገቱ ላይ የፈሰሰ ምልክት እንዳለ፣ መጠኑ ጎድሎ እንደ ሆነ እንመርምር። በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ፣ በተለይም ብርጭቆው ነጭ ከሆነ፣ እንተወው። ከገዛንም በኋላ ቡሽ ያለውን አጋድመን በጨለማና በቀዝቃዛ ክፍል እናስቀምጥ። ሲቀርብ ነጩ ከ8 እስከ 10፣ ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። አረፋማው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። በደጋ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፣ ያልቀዘቀዘ አረፋማ ጠርሙስ ሲከፈት ቡሹ በኀይል ይወረወራልና፣ የእንግዳ ዐይን እንዳይመታ በእጅ ይዞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ስለ ጠጅም ቸል ልንል አይገባም፤ እርሱም የማር ወይን ነውና። ጥሩ ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ በቀር ሌላ አያሻውም። የተለመደው መጠን ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ ነው። ሲቀርብ ጠርቶ፣ የማሩና የጌሾው ሽታ ሳይሸናነፉ ሊሸት ይገባል። ስኳር የገባበት ጠጅ አንደበት ላይ ይጣፍጥና ወዲያው ይጠፋል፤ የማር ሽታው ሳስቶ ይገኛል። ገዝተን የምናቀርብ ከሆነ ከበዓሉ ሳምንት አስቀድመን ቀምሰን እንስማማ።

ከመጠን በላይ መግዛትም ከምርጫ ጉድለት ይቆጠራል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 እንግዶች 40ዎቹ የወይን ጠጅ የሚጠጡ ቢሆንና ለእያንዳንዳቸው 125 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሁለት ብርጭቆ ቢታሰብ፣ ድምሩ 10 ሊትር ነው። ይህም 750 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ 14 ጠርሙስ ይሆናል። ሁለት ለመጠባበቂያ ተጨምሮ 16 ይበቃል። መቶውን ሁሉ ጠጪ አድርጎ የቆጠረ ሰው ግን የጋባዡን ገንዘብ አባክኖ፣ የተረፈውን ለማሳለፍ ሲል እንግዳውን ወደ ስካር ይገፋል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑንም በሠርግ ግርግር መካከል አንርሳ።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን ሰዎች አንድ ቃል ልጨምር። ከመካከላችን ሙስሊም የሆኑ ብዙ ባልደረቦች አሉ። ቅመሱ ተብለው የሚጨነቁ፣ አንቀምስም ብለው ሥራቸውን የሚፈሩ አሉ። ጠርሙሱን የሚቀምስ ሌላ ባልደረባ ሳይጠፋ ሰውን ከእምነቱ ጋር ማጣላት ከሙያም ከወግም የራቀ ነው። ለእንግዳው የምንጠነቀቀውን ያህል ለአሳላፊውም እንጠንቀቅ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ የዚያ የገና ምሽት ሽማግሌ የነገሩኝ ቃል ከመጻሕፍት ካነበብሁት ሁሉ በልጦ ሙያዬን አስተምሮኛል። ሆኖም ሁልጊዜ የእንግዶቻችንን ትዕግሥት ተማምነን ልንሠራ አንችልም። በመጪው የበዓል ሰሞን ትሪ ከማንሣታችን በፊት፣ ይህ የማን ነው ብለን እንጠይቅ። ይህን የጠየቀ አሳላፊ ትክክለኛውን ጠርሙስ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም።

 መልካም በዓል ለሁላችን።