ባክአፕ ላይ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ዳምቦያ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት አለ እንበል። ባለቤቱ የሠርግ ቪዲዮዎችን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲገለብጥ ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ድርግም ይላል። ሌላ ጊዜ ደህና ነው። «ቫይረስ ነው» ይሉታል፤ እኛ ጋ መቼስ ሁሉ ነገር ቫይረስ ነው!

ባክአፕ ለወራት ያልተከፈተውን ፋይል ሁሉ ያነባል። የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ የተበላሸ ቦታ ካለ የሚነካው ያኔ ነው። ፋይሉ እየታመቀ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ይግላል።

አጠፋፉን ልብ ይበሉ። ሰማያዊ ስክሪን ካወጣ ዲስኩን፣ ራሙን ወይም ድራይቨሩን ይጠርጥሩ። መብራት እንደሄደበት ጭልም ካለ ግን ፓወር ሰፕላዩ ወይም ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም፤ ገመዱን ነቅለው ፋኑ ላይ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ያራግፉ። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» ቢያገኙ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይነግርዎትም።

ኤክስተርናል ዲስኩ መሃል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ የተሰካበትን ይዩ። ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ አንዳንዱ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ከጀርባ ይሰኩት።

የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ፕሮግራም የውስጡን ዲስክ በቢጫ ወይም በቀይ ካሳየ ጥገናው ይቆይ። አስፈላጊውን ፎልደር አስቀድመው፣ በየተራ ይገልብጡ። የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ የሆነው ቼክዲስክ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ የታመመን ዲስክ ጨርሶ ሊጥለው ይችላል።