ይህ ዘፈን የማን ነው? ስለ ዘፈን ለዪ ስልኮችና ስለ ዋግ ዜማ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ርእስ መርጬ እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ ስለ ውሃ መሳቢያ ወይም ስለ መስመር ዝርጋታ ይናገራል ብሎ የጠበቀ ሳይኖር አይቀርም። እኔም ያሰብሁት እንደዚያው ነበር። ነገር ግን በአንድ ክረምት በሰቆጣ ከተማ ያጋጠመኝ ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው በየኪሳችን ስለምንይዘው ስልክና ስለ ዘፈን ይሆናል። ርእሱ ቀላል መስሎ የሚታየው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ወደ ሰቆጣ የሄድሁት ለመጠጥ ውሃ ሥራ ነው። ጊዜው የነሐሴ አጋማሽ ስለነበረ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ የሻደይ ጨዋታ ተጀምሯል። ሻደይ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች የሚጫወቱት በዓል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በወገባቸው ከሚያስሩት ረዥም ለምለም ሣር ነው። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ በከበሮና በጭብጨባ ይቀበላሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ተነሥተው በየደጁ እየዞሩ ይጫወታሉ። በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል የሚባሉት የዚሁ በዓል ዘመዶች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለያዘን ከሥራ ጓደኞቼ ጋር አንዲት ሻይ ቤት ተጠለልን። ከቤቱ ጥግ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንድ ዘፈን ይሰማል። ዜማው ውጭ ከሚጫወቱት ልጃገረዶች ዜማ ጋር አንድ ነው፤ ከበሮው ግን በኪቦርድ ተተክቷል። ከመካከላችን ወጣቱ ቴክኒሺያን «ይህ ዘፈን የማን ነው?» ብሎ ጠየቀና፣ መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን አውጥቶ ወደ ድምፅ ማጉያው አቀና። እንደ ዕድል ሆኖ ያን ዕለት ኔትዎርክ ነበረ። ስልኩ ጥቂት ሴኮንዶች ካዳመጠ በኋላ የዘፈኑን ርእስና የአንድ ሰው ስም ጽፎ አሳየን።

ሻይ የሚቀዱልን እናት ምን እንደምናይ ጠየቁን፤ ነገርናቸው።

«ከግጥሙ ውስጥ እኮ ሁለቱ ስንኝ የእኔ ናቸው» አሉ ፈገግ ብለው። «በልጅነቴ ለሻደይ ያወረድኋቸው ናቸው። እስኪ ልጄ፣ የእኔም ስም ካለ እይልኝ።»

ቴክኒሺያኑ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጎ ተመለከተና «የለም፣ እማማ» አላቸው። እሳቸውም «ይሁን» ብለው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

እኔ ግን «ይሁን» ለማለት አልተቻለኝም። መሣሪያው ተሳስቶ ነውን? ወይስ እኛ የጠየቅነውና እሱ የመለሰው ጥያቄ ልዩ ልዩ ነው? ይህን ለመመርመር አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሻዛም የተባለው አገልግሎት በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ስማርት ስልክ አልነበረም። ሰው በተራ የእጅ ስልኩ 2580 ብሎ ይደውላል፤ እነዚህ በስልኩ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር የሚገኙት የመካከል ቁልፎች ናቸው። ስልኩን ወደ ሙዚቃው ለ30 ሴኮንድ ያህል ያቀርባል፤ ከዚያ የዘፈኑ ስም በአጭር መልእክት ይደርሰዋል። ስለ ስሌቱ ሥርዐት ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ኤቨሪ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች ካሉበት መዝገብ ውስጥ አንዱን በቶሎ ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አስረድቷል። ድርጅቱን አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅልሎ ገዝቶታል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ስልኩ የድምፁን ንዝረት እየቆራረጠ በእያንዳንዷ ቅጽበት የትኞቹ ድግግሞሾች እንደበረቱ ያሰላል። ከዚህም አግድሙ ጊዜን፣ ሽቅቡ ድግግሞሽን የሚያሳይ የድምፅ ሥዕል ይወጣል። ከሥዕሉ ላይ ከአካባቢያቸው ጎልተው የወጡት ነጥቦች ብቻ ተለቅመው ሌላው ይጣላል፤ የሚቀረው የከዋክብት ካርታ ይመስላል። ቀጥሎ ነጥቦቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመራሉ፤ የሁለቱ ድግግሞሽና በመካከላቸው ያለው የጊዜ ርቀት ተቀናብሮ አንድ ቁጥር ይሆናል። ይህ ቁጥር እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። በመዝገቡ ውስጥ ካለ አንድ ቅጂ ጋር ብዙ አሻራዎች በአንድ የጊዜ ልክ ተከታትለው ከገጠሙ ዘፈኑ ተገኘ ይባላል። የሻይ ቤት ጫጫታ የራሱን ነጥቦች ቢጨምርም የዘፈኑን ብርቱ ነጥቦች ከቦታቸው አያነቃንቃቸውም፤ ከመካከላቸውም ጥቂቶቹ ቢገጥሙ ይበቃል። ይህ በእውነት የሚደነቅ ብልሃት ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚከተለውን ልብ እንበል። መሣሪያው የሚያውቀው ቅጂውን ነው። ያችው ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ዛሬና ነገ ብትዘፍነው ለመሣሪያው ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ቅጂው እንኳ ፍጥነቱ ከተዛባ አሻራው ይበላሻል። በሴኮንድ 8000 ናሙና ወስደን በ1024 እየከፋፈልን ብናሰላ በሥዕሉ ላይ አንዱ እርከን 8 ኸርዝ ያህል ነው። ሞተሩ የደከመ የካሴት ማጫወቻ ፍጥነቱ በመቶ 1 ቢዛነፍ የ1000 ኸርዝ ድምፅ በ10 ኸርዝ ይሸሻል፤ ይህም ከአንድ እርከን በላይ ነው። በመቶ 6 ከተዛነፈማ ዜማው በሙሉ ግማሽ ድምፅ ያህል ከስፍራው ይለቃል። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉትን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር የምትገለብጡ ባልደረቦች ይህን ሳታርሙ እንዳታልፉ አደራ እላለሁ።

በማግስቱ ቴክኒሺያኑ ስልኩን ይዞ በቀጥታ ወደሚጫወቱት ልጃገረዶች ቀረበ። ስልኩ አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ ምንም አላገኘም። ከልጃገረዶቹ አንዷ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው። «አላወቀውም» አላት። «እኛን ደግሞ የት ያውቀናል!» ብላ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። እሷ በሣቅ ያለፈችው ይህ ነገር ከእኔ ጋር እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጣ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኛ አንድ ዘፈን ስንሰማ «ስሙ ማነው?» ብለን አንጠይቅም፤ «የማን ነው?» እንላለን። በሻደይ ዜማው የጋራ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው። የግል የሚሆነው ስንኙ ነው፤ አውራጇ በዚያ ዓመት ለዚያ ደጅ የምትፈጥረው ቃል ነው። መሣሪያው ዜማና ግጥም፣ አውራጅና ተቀባይ ለይቶ አያውቅም። ቅጂውን ወደ ዓለም ገበያ ያስገባው ሰው በቅጹ ላይ የሞላውን ስም ያነባል። በመሆኑም በሻይ ቤቱ ስልኩ አልተሳሳተም፤ ቅጂው የተጻፈው ሰው ነበር። ጉድለቱ ያለው መዝገቡ በተሞላበት ስፍራ ነው።

ሕጋችንም በዚህ ረገድ የሚያሳስብ ነገር አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ምዝገባ ጥበቃ ቢሰጥም፣ ሥራው ወጥ መሆኑንና ግዙፍነት ማግኘቱን ይጠይቃል። በቃል ብቻ የኖረ ስንኝ እንግዲህ ቀድሞ በቀረጸው ሰው እጅ እንዳይወድቅ ያሰጋል። ሕግ ሙያዬ ስላልሆነ ይህን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ።

ድምፃችን ወደ መዝገብ መግባት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር በሸክላ ላይ ዘፍነዋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው የአዲስ አበባን ሙዚቃ በሸክላ አሳተሙ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ብዙዎቹን እንደገና ለዓለም አቀረቡ። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በሩቅ አገር ያለ ሰው በስልኩ የሚለየው ስለዚህ ነው። አንድ ሰው ሠርቶ፣ ሌላው ሰብስቦ፣ ስሙንም ጽፎ ስለቆየ ነው። የሻደይ አውራጆች እንዲህ ዓይነት ሰብሳቢ ያስፈልጋቸዋል።

«በዋግ ኔትዎርኩ መቼ ይገኛልና?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአካባቢው ሰው ለወራት ያለ ስልክ ቆይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ሆኖም ዘፈን ለመለየት ኔትዎርክ የግድ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ፒክስል 2 በተባለ ስልክ ላይ የአሥር ሺዎች ዘፈኖች አሻራ በስልኩ ውስጥ ስለተቀመጠ መሣሪያው ያለ መስመር ይለያል። ለእኛ ስሌቱን እንሥራው፤ ለአንድ ሴኮንድ 30 አሻራ፣ ለአንዱ አሻራ 8 ባይት፣ ለአንድ ዘፈን 200 ሴኮንድ ብንመድብ 48,000 ባይት ይሆናል። አንድ ሺህ ዘፈን 48 ሚሊዮን ባይት ነው። በየሙዚቃ ቤቱ ዘፈን የምናስጭንባት ትንሿ ሚሞሪ ይህን ችላ ብዙ ቦታ ይተርፋታል።

በቀጥታ ለሚዘፈነው ግን ሌላ መንገድ ያሻል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በማንጎራጎር ዘፈን እንዲፈለግ አድርጓል፤ እዚያ የሚታየው የዜማው አካሄድ ስለሆነ ድምፁ ቢወፍርም ቢቀጥንም ግድ የለውም። የእኛን ቅኝቶች በተመለከተም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በኮምፒዩተር ለመለየት 600 ናሙናዎች ተሰብስበው ጥናት ታትሟል። ይህ የሚያበረታታ ነው፤ ነገር ግን ቅኝቱን ማወቅ ባለቤቷን ማወቅ አይደለም። ዜማው የጋራ በሆነበት ቦታ ስንኙን የሚያዳምጥ ጆሮ፣ ያውም አማርኛንና ኽምጣናን የሚሰማ፣ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ለጊዜው ሰው ይሥራው እላለሁ።

ከሰቆጣ ከመነሣቴ በፊት ወደ ሻይ ቤቱ ተመልሼ እኒያን እናት አስፈቅጄ ሁለቱን ስንኞች በስልኬ ቀረጽሁ። ከዚያም ለቅጂ መመዝገቢያ የሚያገለግል አንድ ቅጽ አወጣሁ። ስማቸውን ጻፍሁ። ዜማውን ከማን እንደተማሩ ስጠይቃቸው ከአክስታቸው መሆኑን ነገሩኝ፤ አክስታቸው በሕይወት የሉም። «የእሷንም ጻፍ እንጂ፤ እኔ ምን አለኝና? ሁለት ስንኝ ነው» አሉኝ። ቅጹን ባየው ለስም የተተወው መስመር አንድ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል። ይህም ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ አንዱ ዘፋኝ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲገባ እንደ ሦስት ሰው ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህ ሌላ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። ለአውራጇ፣ ለተቀባዮቹ፣ ዜማውን ላስተማረችው፣ ስንኙን ለፈጠረችው፣ ለቦታው፣ ለቀኑና ለቋንቋው ለየብቻ መስመር አለው፤ በግእዝ ፊደል የሚሞላ ሲሆን፣ የዘፋኟ ፈቃድ የሚሰፍርበት ቦታም አለው። በመጪው ነሐሴ በዋግ፣ በላስታና በቆቦ በኩል ለሥራ የምትገኙ አባሎች ሦስት ሦስት ዘፈን እንኳ ብትመዘግቡልኝ አሻራዎቹን አስልቶ በሚሞሪ ማስቀመጡን እኔ እወስዳለሁ። ቅጾቹን ከአዳራሹ መውጫ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬአቸዋለሁ። የጎደለ መስመር ያገኘ ሰው በእጁ እንዲጨምርበት በጀርባው ባዶ ቦታ ትቻለሁ።