ሰፈራችንን በካርታ ላይ እናስፍር
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት እኔ ባለሱቅ ነኝ። በጋቦዴ ሱቅ የያዘ ሰው ሳይሾም መንገድ ጠቋሚ ነው። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊውን በር አልፈህ» እያልን እንግዳ እንመራለን። ቀን ለመጣ ሰው ይህ ይበቃል። ሌሊት ምጥ ለያዛት እናት የሚመጣ አምቡላንስ ግን የሚጠይቀው አያገኝም፤ ሱቁም ተዘግቷል። ስለዚህ ነው ዛሬ ስለ ካርታ የምናገረው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ኦፕንስትሪትማፕን ጀመረ። ፈቃደኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መንገድ የሚጨምርበት፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ካርታ ነው። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶ የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች ስለው ለእርዳታ ሠራተኞች አደረሱ።

ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹ ለጀማሪ ይከብዱ ነበር። የአሜሪካው ናይት ፋውንዴሽን ገንዘብ ሰጥቶ በ2013 «አይዲ» የተባለው ቀላል ማስተካከያ ወጣ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገር የለውም፤ በብራውዘር ይከፈታል። ከሥር የአየር ፎቶ አለ፤ መሣያው ሦስት ነው፦ ነጥብ፣ መስመር፣ ስፋት ያለው ቦታ። ነጥቡን አስቀምጦ «ፋርማሲ» ወይም «ትምህርት ቤት» ብሎ ከዝርዝር መምረጥ ነው፤ ኮዱን ማወቅ አያስፈልግም። ልጆቻችን በሚማሩበት በፈረንሳይኛም ይሠራል። በእኛ ሙያ ብናገር፣ ዕቃው ያው ነው፤ መደርደሪያው ግን ሕፃንም የሚደርስበት ሆነ።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ከጉግል ካርታ መገልበጥ አይፈቀድም፤ በእግራችን ያየነውን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ በማንም ቤት ላይ የሰው ስም አይጻፍ። ከመካከላችን የመኖሪያ ወረቀት ያላገኙ አሉ። ክሊኒኩን እናመልክት እንጂ ጎረቤታችንን አናመልክት።

ሐሳቤ ይህ ነው። ዓርብ ዓርብ ልጆችና ሽማግሌዎች በማኅበራችን አብረው ይቀመጡ። ልጆቹ ኮምፒውተሩን ያውቃሉ፤ ድሮ መንገዱ ምን ይባል እንደነበር የምናውቀው ግን እኛ ነን። እኛ ወደ አገራችን ስንመለስ ወይም ስናልፍ ስሙም አብሮን እንዳይሄድ እንጻፈው።

ፈጣሪ አገራችንንና ያስጠጋችንን ጅቡቲን ይባርክ።