ካንሰሩ ራሱ የደም ስር ሲሆን

ርእሴ የአንጂዮሳርኮማ ሕክምና ነው። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ሳስተምረው ያልሰለቸኝን አንድ ሙከራ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ፣ ጁዳ ፎክማንና ፍሬድሪክ ቤከር ረጅም ጉዞ ለሚሄዱ መርከቦች ደም የሚተካ ፈሳሽ ይፈልጉ ነበር። የጥንቸል ታይሮይድ አውጥተው ፈሳሹን እያዘዋወሩበት በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሕይወት አቆዩት። ከዚያ የአይጥ ካንሰር ሕዋሳት ጨመሩበት። ዕጢዎቹ አደጉ፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ሞተው ነው እንዳንል፣ ወደ አይጥ ሲመለሱ ያለ ልክ አደጉ። ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በአይጧ ገላ ውስጥ አዲስ የደም ስር ወደ ዕጢው ይበቅላል፤ በመስታወቱ ውስጥ አልበቀለም። ፎክማን በ1971 ይህን መንገድ መዝጋት ሕክምና ሊሆን ይችላል ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች አልተቀበሉትም። እሱ ግን የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፤ ዕጢ ሲደማ በዓይኑ አይቷል። እኛ ፓቶሎጂስቶች የሚደርሰን ደሙ ያለቀ ናሙና ነው። በ2004 የደም ስር ማገጃው ቤቫሲዙማብ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ሲፈቀድ የፎክማን ሐሳብ ፍሬ አፈራ።

በአንጂዮሳርኮማ ግን ካንሰር የሆኑት የደም ስርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሱት ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው። በማይክሮስኮፕ ስር እርስ በርስ የተጠላለፉ ስንጥቆች ይታያሉ፤ ግድግዳቸው ላይ ያበጡ፣ የጠቆሩ ኒውክለሶች ተደርድረዋል፤ ደም የሚገባባቸው እንጂ የሚወጣባቸው የማይመስሉም አሉ። ከውጭ ሲታይ የተመታ ቦታ የበለዘ ይመስላል። እባካችሁ፣ በአንድ አዛውንት የራስ ቆዳ ላይ፣ ወይም ለጡት ካንሰር ጨረር በወሰደች እናት ደረት ላይ እንዲህ ያለ ብልዝ ሳምንታት አልፈውት ካልጠፋ፣ ቅባት ሰጥታችሁ አትሸኙ፤ ናሙና ውሰዱ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ሕክምናውን ባጭሩ ልበል። ሲቻል ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ማውጣት፣ እንደ ሁኔታው ጨረር፣ ለተሰራጨው ፓክሊታክሴል። የደም ስር ማገጃዎች እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ ይሠራሉ ብለን ነበር፤ ነገር ግን ካሮቱክሲማብ የተባለው ማገጃ በሌላው ማገጃ በፓዞፓኒብ ላይ ተጨምሮ የተሞከረበት ትልቅ ጥናት ጥቅም ስላልታየበት በ2019 ቆመ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ማገጃው የሚዘጋው ዕጢው ለጤነኛው የደም ስር የሚልከውን መልእክት ነው፤ በዚህ በሽታ ግን ብዙዎቹ ሕዋሳት ያለ መልእክት ይባዛሉ። በጨረር ሳቢያ በተነሡት ዕጢዎች ውስጥ ሚክ የተባለው ጂን በአብዛኛው በዝቶ መገኘቱም ወደዚያ ይጠቁመኛል። ስለ ጂኑ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ የቀረውን ጊዜ ለእናንተ ልተው።